መንገድ ዳር የነበረው ግድያ ወዴት ሄደ? የአደንዛዥ ዕፅ ችርቻሮ ከክራክ ዘመን እስከ ቴሌግራም

በ1990 ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ከ2,200 በላይ ሰዎች ተገደሉ። በ2017 ቁጥሩ ከ300 በታች ወርዶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመካከሉ ባሉት 27 ዓመታት ኮኬይን ከከተማዋ ጠፍቶ አያውቅም፤ ሄሮይንም እንዲሁ። ገዢውም ሻጩም እያለ ሬሳው ቀነሰ። «ዕፅ ባለበት ደም አይቀርም» ለሚል ሰው ይህ በቀላሉ የሚዋጥ ነገር አይደለም።

ጥያቄው የሚከብደው ስለ ዕፁ ስንጠይቅ ነው። ስለ አሻሻጡ ብንጠይቅ መልሱ ቅርብ ነው። ሻጭና ገዢ የት ይገናኛሉ? ቦታው የማን ነው? ዕቃው የተወሰደው በእጅ በእጅ ነው ወይስ በዱቤ? ገንዘብ የጎደለ ዕለት ማን ይዳኛል? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ባለፉት 40 ዓመታት ሦስት አራት ጊዜ ተለውጧል። በተለወጠ ቁጥርም ገዳዩ፣ ሟቹና መግደያው ቦታ አብረው ተለውጠዋል።

በ1985 ፖል ጎልድስቲን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከዕፅ ጋር የተያያዘን ጥቃት በሦስት ከፈለው። አንደኛው ዕፁ ራሱ የሚያመጣው ነው፦ የወሰደው ሰው ተቆጥቶ ወይም ያለ ምክንያት ተጠራጥሮ እጁን ሲያነሣ። ሁለተኛው ሱሰኛው መግዣ ሲያጣ የሚፈጽመው ዝርፊያ ነው። ሦስተኛው ከገበያው የሚወለድ ነው፦ በመሸጫ ቦታ መጣላት፣ ያልተከፈለ ዱቤ፣ የተሰረቀ ዕቃ፣ «ጠቆመብን» የተባለን ሰው ማጥፋት። ክፍፍሉ ወረቀት ላይ አልቀረም። ጎልድስቲንና ባልደረቦቹ በ1988 በኒውዮርክ የተፈጸሙ 414 ግድያዎችን አጠኑ። በዋናነት ከዕፅ ጋር የተያያዙት 218 ነበሩ። ከእነዚህ ሦስት አራተኛ ያህሉ የገበያው ግድያ ነው። ሱሰኛ ለመግዣ ብሎ የፈጸመው ግድያ ከ100 እጅ 4 ያህል ብቻ ሆነ። ሰው ማታ ማታ መንገድ የሚቀይረው ሱሰኛውን ፈርቶ ነው፤ መዝገቡ የሚያሳየው ግን ሻጭ ሻጭን ሲገድል ነው።

ጥጉ

በ1960ዎቹና በ70ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ይገባ ከነበረው ሄሮይን አብዛኛው በፈረንሳይዋ ማርሴይ ከተማ ተጣርቶ በጥቂት እጆች የሚያልፍ ነበር። ሄሮይን የወሰደ ሰው ለሰዓታት ይቆያል፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከሚያውቀው ሰው ይገዛል። ያኔም ሰው ይሞት ነበር፤ ነገር ግን ገበያው ጠባብና እርስ በርሱ የሚተዋወቅ ነበር።

በ1980ዎቹ አጋማሽ የመጣው ክራክ፣ ከኮኬይን የሚሠራው የሚጨስ ጠጠር፣ ይህን አፈረሰው። ዱቄት ኮኬይን በግራም 100 ዶላር ገደማ ሲሸጥ የባለ ገንዘብ መዝናኛ ነበር። የሚጨሰው ክራክ ግን በትንንሽ ብልቃጥ ተከፋፍሎ በ5 ወይም በ10 ዶላር ይገኛል። ስሜቱ በሰከንዶች ውስጥ ይመጣል፤ 10 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ይጠፋል፤ ሲጠፋ ሌላ ያስፈልጋል። ሒሳቡ እዚህ ላይ ነው። አንዱ ገዢ በቀን ደጋግሞ ይመጣል። 5 ዶላር ያገኘ ሁሉ ገዢ ነው። ሻጩ የማያውቀው ሰው ሁሉ ደንበኛው ነው። እንዲህ ያለ ንግድ በጓዳ አይካሄድም፤ አላፊ አግዳሚ የሚያገኘው ጥግና ቀንም ሌሊትም የማይነሣ ሰው ይፈልጋል።

ጥጉ ላይ ሥራው ተከፋፍሎ ነበር። አንዱ ልጅ መንታ መንገዱ ጋ ቆሞ የሚመጣውን መኪና ያያል፤ ቃፊሩ እሱ ነው። ሌላው ገዢውን ተቀብሎ ስንት እንደሚፈልግ ይሰማል። ገንዘቡን የሚቀበለው ሦስተኛ ሰው ነው፤ ገንዘብ የነካ እጅ ዕቃ አይነካም። ዕቃው ከጥጉ ራቅ ብሎ ሰው ከማይኖርበት ቤት ደረጃ ሥር ተቀምጧል፤ የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ ከሁሉም ታናሹ ነው፤ ቢያዝ በትልቅ ሰው ሕግ አይዳኝማ። የዕቃው ባለቤት በአካባቢው የለም።

አሁን ነገር የሚበላሽበትን እንይ። አለቃው ለአንዱ ልጅ 100 ብልቃጥ በዱቤ ሰጠው እንበል። እያንዳንዱ 10 ዶላር ስለሚሸጥ 1,000 ዶላር ነው፤ ልጁ 700 ዶላር መልሶ 300ውን ለራሱ ይይዛል። በመካከሉ ፖሊስ መጣና ልጁ 40 ብልቃጥ ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ ጣለ። የ40ውን ማን ይከፍላል? ሲጥል ያየ የለም። አለቃው «ሰረቅኸኝ» ቢል ልጁ ማስረጃ የለውም፤ ልጁ «ጣልኩት» ቢል አለቃው አያምነውም። ሁለቱም ፍርድ ቤት አይሄዱም። ሽማግሌም አይቀመጥም። ነገሩ በዝምታ ከታለፈ በሚቀጥለው ሳምንት ሌሎቹም ልጆች «ጣልን» ይላሉ። አለቃውን ከጎደለው ገንዘብ ይልቅ የሚያሳስበው ዝም ብሎ ማለፉ ነው። ልጁ በሰው ፊት የሚደበደበው፣ አልፎ ተርፎም የሚገደለው ለዚህ ነው። ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር የማይመጣጠነው ተመልካች ስለሚፈልግ ነው።

በዚህ ላይ ዘራፊው ይጨመራል። ኪሱ በጥሬ ገንዘብ የተሞላ፣ ባንክ የማይሄድ፣ ቢዘረፍም ለፖሊስ አቤት የማይል ልጅ ለዘራፊ ከሁሉም የተመቸ ሰው ነው። ስለዚህ ልጁ ሽጉጥ ይይዛል። ባለ 6 ጥይቱ ሽጉጥ በዚያው ዘመን በባለ 15ቱ፣ በዘጠኝ ሚሊሜትሩ ተተካ። ከመኪና ሆኖ በሚሮጥ ሰው ላይ 15 ጥይት የሚለቅ የ17 ዓመት ልጅ የሚመታው የፈለገውን ብቻ አይደለም፤ በረንዳ ላይ የተቀመጠችውንም አሮጊት ነው።

የዚህ ሁሉ ደመወዙ ስንት ነበር? ስቲቨን ሌቪትና ሱድሂር ቬንካቴሽ የአንድን ወሮበላ ቡድን የአራት ዓመት የሒሳብ መዝገብ አግኝተው በ2000 ጥናት አሳትመዋል። ጥጉ ላይ የሚቆመው ጭፍራ በሰዓት የሚያገኘው 3 ዶላር ከ30 ሳንቲም ገደማ ነበር፤ ይህ ሕጉ ካስቀመጠው ዝቅተኛ ደመወዝ በታች ነው። በዓመት የመሞት ዕድሉ ደግሞ ከ100 ወደ 7 ይጠጋ ነበር፤ በአራት ዓመት ውስጥ ከአራቱ አንዱ ይሞታል ማለት ነው። ልጁ ለዚህ የሚቆመው የዛሬውን ደመወዝ ብሎ አይደለም። ከላይ ያለው አለቃ መቶ ሺህ ዶላር ገደማ በዓመት ያገኛል፤ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ቀን እዚያ እደርሳለሁ ብሎ ነው የሚሞተው።

አልፍሬድ ብሉምስቲን የተባለው የካርኔጊ ሜለን ምሁር በ1995 ያቀረበው ሐሳብ እስካሁን ብዙዎችን የሚያሳምን ነው። ገበያው ልጆችን መለመለ፤ ልጆቹ ታጠቁ፤ እነሱ መታጠቃቸውን ያዩት የሰፈሩ ሌሎች ልጆች፣ ከዕፅ ጋር ምንም ያልተነካኩት ሳይቀሩ፣ ፈርተው ታጠቁ። ከዚያ በኋላ በኳስ ሜዳ ወይም በልጃገረድ የተጣሉም በጥይት ይጨራረሱ ጀመር። ከ1984 እስከ 1994 ባለው ጊዜ ከ14 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው ጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች የግድያ መጠን ከእጥፍ በላይ ጨምሯል።

መንግሥት የመለሰው በእስር ነው። የ1986ቱ የፌዴራል ሕግ 5 ግራም ክራክ ለሽያጭ የያዘን ሰው ቢያንስ 5 ዓመት እንዲታሰር አዘዘ፤ 5 ግራም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ብዙም አይበልጥም። በዱቄቱ ኮኬይን ለዚያው ቅጣት 500 ግራም ይፈለግ ነበር። ክራኩ በጥቁሮች ሰፈር፣ ዱቄቱ በነጮች መሸታ ቤት መሸጡን ሁሉም ያውቃል። ይህ የ100 ለ1 ልዩነት ወደ 18 ለ1 የወረደው በ2010 ነው። በ24ቱ ዓመት ውስጥ በታሰረው ሰው ቦታ ታናሽ ወንድሙ ቆሟል፤ ልምድ የሌለው፣ የሚያከብረው የሌለ፣ ስለዚህም ፈጥኖ የሚተኩስ።

ግድያው ሲቀንስ

የ1990ዎቹ ማሽቆልቆል አንድ ምክንያት ብቻ የለውም። ታላላቆቻቸው በክራክ ሲያልቁ አይተው ያደጉ ልጆች ክራክን ተጸየፉት፤ «ክራክሄድ» የሚለው ቃል ስድብ ሆነ። ገዢው ያው ሰው እያረጀ ሄደ። ገበያው ሲረጋጋና የየጥጉ ባለቤት ሲታወቅ፣ ትርፉም ሲቀንስ፣ ለአንድ ጥግ መሞት ዋጋ አጣ። ክራክ በ2000 ገና በብዛት ይጨስ ነበር፤ ከክራኩ ጋር የመጣው ግድያ ግን በአብዛኛው አልፎ ነበር። ለኔ ከሁሉም ቁጥሮች በላይ የሚናገረው ይህ ነው፤ ዕቃው እዚያው ነው፣ የጠፋው የቦታ ሽሚያው ነው።

ሌላው ምክንያት ፔጀርና ሞባይል ነው። ገዢ ደውሎ ሻጩ ወደሱ ከሄደ ጥግ መያዝ አያስፈልግም። በ2019 የወጣ የኢኮኖሚክስ ጥናት፣ በ1990ዎቹ ለወረደው የአሜሪካ ግድያ ከ100 ከ19 እስከ 29 እጁ የሞባይል መስፋፋት ውጤት ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። ግምቱ ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል፤ አቅጣጫው ግን ትክክል ነው።

ቺካጎ ግን ሌላ መንገድ ሄደች። እዚያ ትልልቅ ቡድኖች የመንግሥት የኪራይ መኖሪያ ሕንጻዎችን በሙሉ ይዘው ነበር፤ ሮበርት ቴይለር ሆምስ የሚባለው ብቻ 28 ባለ 16 ፎቅ ሕንጻ ነበረው። በ1990ዎቹ የፌዴራል መንግሥት አለቆቹን ዕድሜ ልክ አሰረ፤ ከዚያም ሕንጻዎቹ እስከ 2007 ድረስ አንድ በአንድ ፈረሱ። ነዋሪው ሲበተን ወጣቶቹም የሌላ ቡድን ሰፈር ውስጥ ገቡ። ከላይ ሆኖ «ተኩስ አቁሙ» የሚል ሰው ጠፋ። አንዱ ቡድን በየመንደሩ ወደ 20 እና 30 ልጆች ተቆራረጠ፤ ብዙዎቹ የሚሸጡት ዕፅ እንኳ ጥቂት ነው። ጠቡ የሟች ጓደኛ ስምና በማኅበራዊ ሚዲያ የተለቀቀ ስድብ ሆነ። በ2016 ከተማዋ ውስጥ ከ750 በላይ ሰዎች ተገደሉ። አለቃን ማሰር ፍትሕ ነው፤ አለቃው ይዞት የነበረውን ጦር አብሮ ያስራል ማለት ግን አይደለም።

የስልክ መስመሩ

እንግሊዝ ውስጥ «ካውንቲ ላይንስ» የሚባለው አሠራር ሀብቱ ጥግ አይደለም፤ የስልክ ቁጥር ነው። እንደ ለንደን፣ ሊቨርፑል ወይም በርሚንግሃም ባለ ትልቅ ከተማ የተቀመጠ ቡድን በርቀት ላለች ትንሽ ከተማ አንድ ቁጥር ይከፍታል። ቁጥሩ ውስጥ የሄሮይንና የክራክ ተጠቃሚዎች ስም አለ። ጠዋት ለሁሉም በአንድ ጊዜ መልእክት ይላካል። ስልኩ የሚጮኸው ትልቁ ከተማ ውስጥ ነው፤ ዕቃውን የሚያቀብለው ግን በባቡር የተላከ የ15 ወይም የ16 ዓመት ልጅ ነው። የአገሪቱ ብሔራዊ የወንጀል መከላከያ ኤጀንሲ በ2019 መጀመሪያ ከ2,000 በላይ እንዲህ ያሉ መስመሮችን መለየቱን አስታውቆ ነበር።

ልጁ የት ያድራል? ቡድኑ አንድ ደካማ ሰው ይፈልጋል፦ ሱስ ያለበት፣ የአእምሮ ሕመምተኛ፣ ወይም ብቻዋን የምትኖር አሮጊት። መጀመሪያ ነፃ ዕቃ ወይም ወዳጅነት ያቀርባል። ከሳምንት በኋላ ቤቱ የእሱ አይደለም። ሚዛኑ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ልጁ ሳሎን ወለል ላይ ይተኛል፣ ባለ ቤቱ ከመኝታ ቤቱ ሊወጣ ይፈራል። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይህ ነው። ጎረቤት የሚያየው መጋረጃው ቀን ሙሉ መዘጋቱን፣ የማያውቃቸው ልጆች በየሰዓቱ መግባት መውጣታቸውንና ባለ ቤቱ ከሰው መራቁን ነው። ግድያ መንገድ ላይ ስላልተፈጸመ ሰፈሩ ሰላም ይመስላል። የሚጮኸው ሰው ቤት ውስጥ ነው።

የዚህ ገበያ ዋና መሣሪያ ሽጉጥ አይደለም፤ ዕዳ ነው። አሠራሩ ይህን ይመስላል። ልጁ ጫማ ወይም ስልክ ይሰጠዋል፤ ስጦታ ይመስለዋል። ከዚያ ዕቃ ይዞ ይላካል። በመንገዱ ወይም በዚያ ቤት ሁለት ጭንብል ያደረጉ ሰዎች መጥተው ቢላዋ አውጥተው ዕቃውንና ገንዘቡን ይወስዱበታል። ብዙ ጊዜ ዘራፊዎቹ የራሱ ቡድን ሰዎች ናቸው፤ ልጁ ግን አያውቅም። ሲመለስ «የጠፋው 800 ፓውንድ ነው፤ ሠርተህ ትከፍላለህ» ይባላል። ቁጥሩ ከከተማ ከተማ ይለያያል፤ ውጤቱ ግን አንድ ነው፦ ልጁ ካሁን በኋላ ደመወዝ የለውም። እምቢ ካለ የእናቱን በር ያውቁታል። ጥጉ ላይ የቆመው የቺካጎ ልጅ ቢያንስ ማታ ቤቱ ይገባ ነበር።

ከ2017 ወዲህ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት የዕፅ መሸጫ የሆነን የስልክ ቁጥር እንዲዘጋ ማዘዝ ይችላል። ችግሩ የደንበኛው ዝርዝር በሌላ ስልክ ተቀድቶ መቀመጡ ነው፤ ቁጥሩ ሲዘጋ በሰዓታት ውስጥ «አዲሱ ቁጥራችን ይህ ነው» የሚል መልእክት ይወጣል። የተሻለ የሠራው ስልኩን የያዘውን ሰው በመስመሩ መረጃ ተከታትሎ በዕፅ ብቻ ሳይሆን በሰው ዝውውር መክሰስ ነው። በ2018 አንድ የበርሚንግሃም ሰው ልጆችን ወደ ሊንከን ከተማ ልኮ በማሠራቱ በዚህ ሕግ 14 ዓመት ተፈርዶበታል። ፍርዱ ክብደት ያለው በሌላ ምክንያትም ነው፤ ልጆቹ ወንጀለኛ ሳይሆኑ ተበዳይ ተብለው ተቆጥረዋል።

የግድያ ቅጥር

ስዊድን 10 ሚሊዮን ተኩል ሰው ያላት አገር ናት፤ በ2022 በጥይት ብቻ 62 ሰዎች ሞተዋል። ትእዛዙ የሚሰጠው ከውጭ አገር በተቀመጠ ሰው ነው። ሥራው በቴሌግራምና በሌሎች የመልእክት መተግበሪያዎች ላይ ከነዋጋው ይለጠፋል። አንዱ መሣሪያውን ጫካ ውስጥ ይቀብራል፣ ሌላው አድራሻውን ይልካል፣ ሦስተኛው መኪና ያዘጋጃል፣ የሚተኩሰው ደግሞ ሟቹን አይቶት የማያውቅ ታዳጊ ነው። የወንጀል ተጠያቂነት የሚጀምረው በ15 ዓመት በመሆኑ ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ተፈላጊ ነው። ታዳጊው አድራሻውን ያሳስታል፤ ፎቁን ያሳስታል፤ የተሳሳተ በር ያንኳኳል። ተፈላጊው ሰው አገር ጥሎ ከወጣ ደግሞ ጥይቱ ወደ እናቱና ወደ ወንድሙ ይዞራል። የድሮው ነፍሰ ገዳይ የሚገድለውን ያውቅ ነበር፤ ይህ ለነገሩ የሚያጽናና ባይሆንም በሰፈሩ ሰው ዘንድ ማን አደጋ ላይ እንዳለ ይታወቅ ነበር። አሁን አይታወቅም።

ማርሴይ ላይ ጥጉም ቴሌግራሙም አንድ ላይ ናቸው። በሕንጻዎቹ መግቢያ የሚቆመው ልጅ የሰፈሩ ልጅ መሆኑ ቀርቷል፤ ከሌላ ከተማ በማኅበራዊ ሚዲያ ማስታወቂያ ተቀጥሮ የመጣ ነው። አካባቢውን አያውቅም፣ የሚጮህለት ዘመድ የለውም፣ ጥፋት ካጠፋ ዕዳ ተጽፎበት ይታገታል። በ2023 በዋናነት በሁለት ቡድኖች ፍልሚያ የተነሣ በከተማዋ ከዕፅ ንግድ ጋር በተያያዘ የሞቱት 49 ደረሱ።

ሻጭና ገዢ ጨርሶ የማይተያዩበት ገበያም ሰላም አላመጣም። በሩሲያ ሃይድራ የሚባለው የኢንተርኔት ገበያ፣ በ2022 የጀርመን ፖሊስ ሲዘጋው፣ 17 ሚሊዮን ያህል የደንበኛ አካውንት ነበረው። ገዢው ይከፍላል፤ ዕቃው በመናፈሻ ወይም በግድግዳ ስንጥቅ የተደበቀበት ቦታ ይላክለታል። እዚህ ማንም ስለ ጥግ አይጣላም። ነገር ግን ዕቃ ቀባሪው ሰርቋል ከተባለ የሚደበድቡት ቅጥረኞች አሉ፤ ድብደባው በቪዲዮ ተቀርጾ ለሌሎቹ ማስፈራሪያ ይለቀቃል። የ1988ቱ ተመልካች ጥጉ ላይ ቆሞ ነበር፤ የዛሬው ስልኩ ላይ ነው።

ጥይቱ ሲቀንስ መርዙ

በ1990 በአሜሪካ 23,400 ያህል ሰዎች ሲገደሉ በዕፅ መጠን ብዛት የሞቱት ከ10 ሺህ በታች ነበሩ። በ2022 በዕፅ የሞተው ሰው ወደ 108,000 ደረሰ፤ የተገደለው ግን ያንን ያህል አይደለም። ምክንያቱ ፈንታኒል የሚባለው ሰው ሠራሽ የሕመም ማስታገሻ ነው። ከሄሮይን 50 እጥፍ ያህል ይጠነክራል፤ 2 ሚሊግራም፣ ማለትም ጥቂት የጨው ቅንጣት፣ ያልለመደን ሰው ሊገድል ይችላል። በእጅ ሲደባለቅ እኩል አይሰራጭም፤ ከአንድ ከረጢት የወጡ ሁለት ክኒኖች አንዱ ምንም ላይኖረው፣ ሌላው ገዳይ ሊሆን ይችላል። የጥጉ ሻጭ ራሱ የሚሸጠውን አያውቅም። በ2024 ሞቱ ወደ 80,000 ወርዷል፤ ያም ቢሆን ከክራኩ ዘመን ጋር የሚወዳደር አይደለም።

የሚያድነው ናሎክሶን የሚባለው ማርከሻ መድኃኒት ነው። የማይነቃ፣ ከንፈሩ የጠቆረ ወይም የሰማያዊ መልክ ያመጣ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ የጠበበ፣ ትንፋሹ የዘገየ ሰው ሲገኝ መጀመሪያ አምቡላንስ ይጠራል። 4 ሚሊግራሙ የአፍንጫ መርጫ በአንዱ አፍንጫ ይሰጣል። እስኪሠራ ድረስ በየ5 ሰከንዱ አንድ ትንፋሽ በአፍ ይሰጠዋል። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ ካልተለወጠ ሌላ መርጫ በሌላው አፍንጫ። ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው፦ ተነሥቶ «ደኅና ነኝ» ሲል ይተዉታል። ናሎክሶን የሚቆየው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ሲሆን ፈንታኒሉ ሊበልጠው ይችላል፤ ሰውየው እንደገና ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ፊላደልፊያ ኬንሲንግተን ሰፈር የተስፋፋው ዛይላዚን የሚባለው የእንስሳት ማደንዘዣ ደግሞ በናሎክሶን አይመለስም፤ በመሆኑም ትንፋሽ መስጠቱ አይቋረጥም።

ፖሊስ ሲመጣ

በ2011 የወጣ አንድ ግምገማ የፖሊስ ዘመቻ በገበያው ጥቃት ላይ ያመጣውን ውጤት የመረመሩ 15 ጥናቶችን አሰባስቦ ነበር፤ በ14ቱ ዘመቻው ጥቃቱን እንዳባባሰ ታይቷል። ምክንያቱን ከላይ አይተነዋል፦ የታሰረው ሰው ቦታ ባዶ ይሆናል፤ ለባዶው ቦታ ይተላለቃሉ። ኢንዲያናፖሊስ ላይ የተሠራው የ2023 ጥናት ሌላ ነገር ጨመረ። ፖሊስ የኦፒዮይድ ዕፅ (እንደ ሄሮይንና ፈንታኒል ያለ) በያዘበት ቦታ ዙሪያ፣ እስከ 500 ሜትር ድረስ፣ በቀጣዮቹ ሦስት ሳምንታት በመጠን ብዛት የሚወድቀው ሰው ይበዛል። ሱሰኛው የለመደው ሻጭ ሲታሰርበት ጥቂት ቀን ይጠማል፤ የሰውነቱ ልምድ ይቀንሳል፤ ከማያውቀው ሰው የማያውቀውን ይገዛል።

ታዲያ ፖሊስ ይቅር? አይደለም። የአሠራር ጉዳይ ነው። በሰሜን ካሮላይና ሃይ ፖይንት ከተማ፣ ዌስት ኤንድ በተባለው ሰፈር በ2004 የተሞከረው ደረጃ በደረጃ ይህን ይመስል ነበር። መጀመሪያ አንድ ሰፈር ብቻ ተመረጠ። ከዚያ ለወራት ሲቪል የለበሰ ፖሊስ ከእያንዳንዱ ሻጭ እየገዛ በቪዲዮ ቀረጸ። ሻጮቹ ለሁለት ተከፈሉ፤ የጥቃት ታሪክ ያላቸው ወዲያው ታሰሩ። የቀሩት ከእናታቸው ወይም ከአያታቸው ጋር እንዲመጡ ተጠሩ፤ ዛሬ ማታ አትታሰሩም የሚል ቃልም ተሰጣቸው። ፋይላቸው ቪዲዮው እየታየ ፊታቸው ተዘረጋ፤ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። ከቆምክ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፣ ከሸጥክ ይፈረማል ተባለ። የሰፈሩ ሰዎችም ተነሥተው «አንተን እንወድሃለን፣ የምታደርገውን ግን በቃን» አሉ፤ ሥራ ለማግኘትም እርዳታ ቀረበላቸው። ክፍቱ ገበያ ተዘጋ። በሌሎች ከተሞች ውጤቱ የተደበላለቀ ሆኗል፤ አንዳንዶቹ ቪዲዮውን ወስደው ቤተሰቡንና ሥራ የማስገኘቱን ክፍል ትተውታል፤ ያለ እነዚህ የቀረው ዛቻ ብቻ ነው።

የስዊዘርላንዷ ዙሪክም ሁለቱን መንገድ በየተራ ሞክራለች። ፕላትስሽፒትስ የተባለው መናፈሻ፣ ሺዎች በግላጭ ሄሮይን የሚወጉበት ቦታ፣ በ1992 ተዘጋ። ለሱሰኞቹ በቂ መሄጃ ስላልተዘጋጀ ገበያው ሌተን ወደተባለው የተተወ ባቡር ጣቢያ ተዛውሮ ብሶ ቀጠለ። ሌተን በ1995 ሲዘጋ ግን ሕክምናውና ማደሪያው ተዘጋጅቶ ነበር፤ በሐኪም ክትትል ሄሮይን የሚሰጥበት ፕሮግራምም ከአንድ ዓመት በፊት ተጀምሯል። ያን የሚያህል ገበያ ዳግመኛ አልተሰበሰበም።

እነዚህ ትምህርቶች ግን ለጥግ የተሠሩ ናቸው። ለዕዳው ገና መልስ አልተገኘም። 20 ጥቅል ይዞ የተያዘ የ15 ዓመት ልጅ ጣቢያ ገብቶ ዕቃው ሲወረስበት፣ ያው 20 ጥቅል በማግስቱ ዕዳው ላይ ይደመራል፤ ፖሊስ የሠራው ሥራ በልጁ የዕዳ መዝገብ ላይ ይጻፋል። እንግሊዝ ውስጥ የ2015ቱ የዘመናዊ ባርነት ሕግ አንቀጽ 45 ተገዶ ወይም ተበዝብዞ ለሠራ ልጅ መከላከያ ይሰጣል፤ ፖሊስ ወይም የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛም ልጁን ተበዳዮች ወደሚለዩበት ብሔራዊ ሥርዓት መምራት ይችላል፤ ለዚህ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ፈቃድ አይጠየቅም። ወላጅ ዕዳውን ቢከፍል አያልቅም፤ መክፈል የሚችል ቤት መሆኑን ማሳየት ነው፤ ሁለተኛው ዕዳ በሳምንቱ ይመጣል። አዲስ ስልክ ሁለተኛ ሆኖ ሲታይ፣ ያልተገዛ ጫማ ሲመጣ፣ የሩቅ ከተማ የባቡር ቲኬት ኪስ ውስጥ ሲገኝ፣ ልጁ አንድ ሌሊት ጠፍቶ ቀኑን ሙሉ ሲተኛ፣ «ዕፅ ትወስዳለህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ አያስገኝም፤ ምናልባት አይወስድም። መቅደም ያለበት ጥያቄ «ለማን ነው ዕዳ ያለብህ? ስንት?» የሚለው ነው።